ነፍሰ ጡር ደረጃ ስትወርድ

ደረጃ መውጣት ያደክማል፤ መውረድ ግን ይጥላል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ይህ ልዩነት ይሰፋል። ምክንያቱን ሳነብ በጣም ስለደነቀኝ ላጫውታችሁ።

ካርቱምን አስቡ። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከመነሣቱ በፊት በርካታ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እዚያ በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ጠፍጣፋ ጣሪያ ባለው ፎቅ ቤት ልብስ የሚሰጣው ጣሪያው ላይ ነው፤ በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰባተኛ ወሯን የያዘች ሴት ሳፋዋን ታቅፋ ከዚያ ፀሐይ ወደ ደረጃው ጨለማ ስትገባ ምን ይገጥማታል?

ብዙዎቻችን የምናሳብበው በሆዷ ክብደት ነው። እሱን ግን ሰውነቷ ያውቅበታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የሴት የወገብ ጥምዝ በሦስት አከርካሪ አጥንቶች ላይ ሲዘረጋ የወንድ በሁለት ብቻ ነው። ሆዷ ሲገፋ ወገቧን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ ክብደቷን ከዳሌዋ በላይ ትመልሰዋለች። ይኸው ልዩነት ደቡብ አፍሪካ በተገኙ፣ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ፣ አውስትራሎፒቴከስ በሚባለው የሰው ጥንታዊ ዘመድ አጥንቶች ላይም ታይቷል። ተፈጥሮ ያላሰበችበት ደረጃን ነው።

ስንወርድ ዓይናችን የሚያየው ሁለት ሦስት ደረጃ ቀድሞ ነው፤ አሁን የምንረግጠውን ጠርዝ የሚጠብቅልን የዕይታችን የታችኛው ዳር ነው። የገፋ ሆድ የሚጋርደው ይህንኑ ዳር ነው። ሳፋ ሲታከልበት የቀረውም ይሸፈናል። ስትወጣ ደረጃው ከፊቷ ስለሚቆም ይታያታል፤ ስትወርድ ግን በግምት ትረግጣለች።

ዓይኑ ራሱም ይለወጣል። በእርግዝና ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ ከብሌኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ በጥቂቱ ይወፍራል። መነጽሯ አልሆን ይላታል፣ ኮንታክት ሌንስ ይቆረቁራታል፣ ዓይኗ ይደርቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ስለሚመለስ የዓይን ሐኪሞች አዲስ መነጽር ለማሠራት አትቸኩዪ ይላሉ።

ከፀሐይ ወደ ጨለማ የገባ ዓይን ለመላመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል። በጨለማ የሚያሳየን የዓይን ቀለም የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው፤ ጽንሱም ከዚያው ይካፈላል። ምግብ በጎደለበት ቤት በመጨረሻዎቹ ወራት ዳፍንት የሚመጣው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1995 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን መርምሮ ዳፍንት ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች ወደ 10 ሚሊዮን ገምቷቸዋል። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ጎመንና እንቁላል ይረዳሉ። የቫይታሚን ኤ ኪኒን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ፤ ከመጠን ካለፈ ጽንሱን ይጎዳል።

ደሙም አለ። እርግዝና የደም ሥሮችን ያላላል፣ ግፊቱ በመካከለኞቹ ወራት ዝቅ ይላል፣ ሙቀት ደግሞ ይብስ ያሰፋቸዋል። በካርቱም መንገድ ዳር ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቡናና ሻይ የምትሸጥ ነፍሰ ጡር ብድግ ስትል ዓይኗን ጭልም የሚያደርጋት ይህ ነው። የደም ማነስ ካለባት ይጠናል።

አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ያህል በእርግዝናዋ ወቅት ወድቃ እንደነበር አሳይቷል። ሳፋውን ሌላ ሰው ማውረድ ስንት ጣጣ ያድናል! አሠሪዎች ይህን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ግዴታ ቢያዩት ደስ ይለኛል። የሚያግዛት ከሌለ ልብሱን በአንድ እጅ በሚያዝ ከረጢት ከፋፍላ ታውርድ፤ ሌላው እጇ መደገፊያውን አይልቀቅ። ከፀሐይ ስትገባ ዓይኗ እስኪለምድ ደፉ ላይ ቆም ትበል። እግርም በእርግዝና ስለሚያብጥ፣ ተረከዝ የማይዝ ነጠላ ጫማ ለደረጃ አይሆንም።

አንዱን ግን ለይታችሁ ያዙልኝ። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ብዥታ ወይም ብልጭታ ከመጣ፣ በተለይ ከከባድ ራስ ምታት ጋር ከሆነ፣ የመነጽር ጉዳይ አይደለም። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የደም ግፊት ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷም ይመርመር። ወድቃ ሆዷ ከተመታም፣ ምንም ባያማት እንኳ፣ ሳትታይ አትደር።