የጥርስ ሥር መድፈኛ ከሥጋ ጋራ ይስማማልን?

ጥርሱን ታሞ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋ ሰው «ነቅላችሁ ገላግሉኝ» ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን የታመመ ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይደለም። ሐኪሙ በሥሩ ውስጥ የተበላሸውን ሥጋና ነርቭ አውጥቶ፤ ቀዳዳውን አጥቦና አድርቆ ከደፈነው ጥርሱ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። እኛም ዛሬ ስለዚሁ መድፈኛ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

የሥሩ ቀዳዳ በጫፉ በኩል ከመንጋጋው አጥንት ጋራ ይገናኛል። ስለዚህ መድፈኛው ሕይወት ካለው አካል ጋራ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

ከ1867 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ ሥራ የዋለው ጉታፐርካ የተባለ የዛፍ ሙጫ ሥጋን እምብዛም አያስቈጣም። ሆኖም ብቻውን ቀዳዳውን አጥብቆ ስለማይዘጋ ማጣበቂያ ያስፈልገዋል፤ ችግሩም የሚመጣው ከማጣበቂያው ነው። አንደኛው ዓይነት፤ እናቶቻችን ለጥርስ ሕመም ከሚያስነክሱን ከቅርንፉድ የሚገኘው ዩጀኖል ከዚንክ ኦክሳይድ ጋራ ተለውሶ የሚሠራ ነው። ዩጀኖል ጀርም ይገድላል፤ ከሥሩ ጫፍ አልፎ ሲወጣ ግን ሥጋውን ያስቈጣል።

ከዚህ የባሰም አለ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንጄሎ ሳርጀንቲ የተባሉ የስዊስ የጥርስ ሐኪም ያስፋፉት መድፈኛ ፓራፎርማልዴሃይድ ነበረበት። አሳቡ ጀርሙን ፈጽሞ ለማጥፋት ነበር። ዳሩ ግን ይህ መርዝ ጀርሙን ከሥጋው ለይቶ አያውቅም። መድፈኛው አልፎ ከታችኛው መንጋጋ ነርቭ በደረሰ ጊዜ ከንፈራቸውና አገጫቸው ደንዝዞ የቀረ ሕመምተኞች አሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ፈቃድ ሰጥቶት አያውቅም።

በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ማሕሙድ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቻቸው ያቀረቡት ኤም.ቲ.ኤ. የተባለው መድፈኛ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ይህ ለቤት መሥሪያ ከምናውቀው ሲሚንቶ ዘር ነው። እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ካልሲየምም ያወጣል፤ ሥጋውም ከመሸሽ ይልቅ በላዩ ላይ አዲስ ሽፋን ሲያበቅል ታይቷል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው፤ የመድኃኒት ጥሩነት በሚገድለው ብቻ ሳይሆን በሚያተርፈውም የሚመዘን መሆኑን ነው። አንባቢያችንም ከሐኪም ወንበር ላይ ሲቀመጥ «የሚደፈንልኝ በምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ከዚያ በኋላ አብሮት የሚኖረው እርሱ ነውና።