በገናው ነው ወይስ ስፒከሩ?

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አንጽፍም። የምንጽፈው ስለ መኪናችን የግራ በር ስፒከር ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ ስፒከር?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ይበለን። ነገር ግን ስደተኛ ከአልጋው ቀጥሎ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው መኪናው ውስጥ ነው። የአገር ቤቱን ዜና የሚሰማው፣ የሚቆዝመው፣ ከሌለ ሰው ጋር የሚሟገተው እዚያው ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ ለሚነዳው ወገናችንማ መኪናው ቢሮውም ሳሎኑም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም አንድ ማለዳ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ካለው ቤታችን ተነሥተን ወደ ሥራ ስንሄድ ስልካችን ላይ የጫንነውን በገና ከፈትን። ከግራው የፊት በር «ዝዝዝ» የሚል ነገር ይሰማል። አልጠረጠርንም። በገና የሚያውቅ እንደሚረዳን መሣሪያው ራሱ ነዛሪ ነው። አሥሩ የአንጀት አውታሮች በርኩማው ላይ ሲያርፉ በመካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያንን ልብ የሚነካ ንዝረት የምትሰጠው እርሷ ናት። ስለዚህ ስፒከሩ በባሰበት ቁጥር በገናው ይበልጥ በገና የሆነ መሰለን። ጾሙን በሙሉ እንዲህ አሳለፍነው።

ጉዱ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ዶቼ ቬሌ ከቦን የሚያስተላልፈውን የአማርኛ ዜና ስንከፍት፣ ዜና አንባቢው ጉሮሮው ውስጥ ንብ የገባችበት ይመስል ነበር። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ሲናገር ይብሳል፤ ሴት ስታነብ ይሻላል። የመኪናዋ ቆጣሪ 34,600 ማይል ያሳያል።

ይህ ቁጥር ለምን እንዳስደነገጠን እናስረዳ። እዚህ አሜሪካ አብዛኛው አምራች ለአዲስ መኪና የሚሰጠው መሠረታዊ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው፤ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። ሞተርና ማርሹን የሚመለከተው ዋስትና ረዘም ይላል፣ በብዙዎቹ ዘንድ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። ስፒከር ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ሻጩ «የአምስት ዓመት ዋስትና አለዎት» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛም አልጠየቅንም ነበር። እንግዲህ የቀረን 1,400 ማይል ብቻ ነው።

ቀጠሮ ይዘን መኪናዋን ወደገዛንበት ዲለር ሄድን። የሚቀበለን ወጣት ጨዋ ነው። ድምፁ ምን እንደሚመስል ሲጠይቀን፣ በዚህ ዕድሜያችን ቆመን «ዝዝዝ» አልንለት። ከግራው የፊት በር እንደሚመጣ፣ በወፍራም ድምፅ ላይ እንደሚብስ አስረዳነው። ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ። ውኃ የመሰለ ቡናቸውን እየጠጣን ሦስት ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ሰጠን። «የደንበኛው ቅሬታ፦ ሬዲዮው ጥሩ አይሰማም። ውጤት፦ ችግር አልተገኘም።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብነው። የግራው በር የለም፤ ወፍራሙ ድምፅ የለም። ያልነው ሁሉ በሦስት ቃል ተጠቅልሏል። ይህ ዓይነቱ አርትዖት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርንበት ዘመን የአንባቢያን ደብዳቤ በእጃችን ያልፍ ነበር። አንድ አባት ከአንዲት የገጠር ከተማ ስለ መብራት ቆጣሪያቸው አምስት ጊዜ ጻፉልን፤ ቀኑን፣ የከፈሉትን ብር፣ ያመላለሷቸውን ሠራተኞች ሁሉ ዘርዝረው። እኛ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደወልንና በማግስቱ «ችግሩ በመቀረፍ ላይ መሆኑ ተገለጸ» ብለን አወጣን። ስድስተኛ ደብዳቤ አልመጣም። ያን ጊዜ ችግሩ የተቀረፈ መስሎን ነበር፤ ቢያንስ እንዲመስለን ፈልገን ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ ከሜካኒኩ ጋር መኪናዋ ውስጥ ገብተን አብረን እንድንሰማ ለመንን። ፈቀዱ። እኛም በችኮላ ስልካችንን ስንነካ የተከፈተው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በገናው! ሰውየው ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና «ይህ እኮ ዘፈኑ ራሱ ነው» አለን። «ዘፈን አይደለም» ልንለው አስበን ተውነው። ወረቀቱ ላይ «ችግሩ የደንበኛው ስልክ ነው» ተብሎ ተጻፈ።

ይህን ለአንድ ታክሲ ነጂ ወዳጃችን ስናወራ እንባው እስኪመጣ ሳቀብን። «ጋሼ፣ በገና ይዘው ሄደው ስፒከር ይከሳሉ?» አለን። ከዚያ ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ ስልኩን ተዉት፣ የመኪናዋን የራሷን ኤፍኤም ክፈቱ፤ ያኔ ስልክና ብሉቱዝ ከክሱ ነጻ ይወጣሉ። ሰው የሚናገርበት ጣቢያ ይሁን፣ የሰውን ድምፅ ጆሮ ሁሉ ያውቀዋላ። ቀጥሎ ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ በሚያዞረው ማስተካከያ አንዱን በር ብቻ አስቀሩ። ያ በር ብቻውን ሲነዝር የበሩን ገበር በመዳፍ ጫን በሉት። ንዝረቱ ከቆመ ጥፋቱ የስፒከሩ ሳይሆን የላላ የገበር መያዣ ነው፤ ወይም የበሩ ኪስ ውስጥ የተረሳ ሳንቲም። ካልቆመ ስፒከሩ ነው። እኛ ዘንድ አልቆመም።

ሜካኒኩስ ለምን አላገኘውም? ወዳጃችን ለዚህም መልስ ነበረው። ከፋብሪካ የሚመጣው ስፒከር ብዙውን ጊዜ ከወረቀት የተሠራ ሾጣጣ፣ ከበስተኋላው ትንሽ ማግኔት፣ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የምትላወስ የቀጭን ሽቦ ጥቅልል ነው። ሽቦው ከተበጠሰ መለኪያው ወዲያው ይናገራል። ነገር ግን ወረቀቱ ረጥቦ ሲጣመም ጥቅልሉ ከማግኔቱ ጋር ይፋተጋል፤ መለኪያው ግን ወደ 4 ኦም የሚጠጋውን ጤናማ ቁጥር ያነባል። መለኪያውን ብቻ የሚያይ ሰው «ችግር አልተገኘም» ቢል የግድ ዋሽቷል አይባልም። አልሰማም እንጂ።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ ብንለው ፊቱ ተለወጠ። የእሱ መኪና የኋላ ስፒከሮች ገና ዋስትናው ሳያልቅ ሞተው ነበር። ታክሲ ነጂ ደግሞ 36,000 ማይልን ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። «አንድ ቀን ሄጄ ነበር። ሰውየው ምን አልክ፣ ምን አልክ እያለ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ተውኩት፣ ወጣሁ» አለን። ስፒከሮቹን ከኪሱ ገዝቶ በገዛ እጁ ገጠማቸው። ስንቱ ወገናችን በእንግሊዝኛው አፍሮ የከፈለበትን መብት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ትቶ እንደወጣ እግዜር ይወቀው።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ አፋችንን ሳይሆን ወረቀት ይዘን ሄድን። በአራት መስመር እንግሊዝኛ፦ የትኛው በር፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በምን ያህል ድምፅ፣ ከመቼ ጀምሮ። ወጣቱን «ይህንን እንዳለ ቅዳው» አልነው። ቀዳው። ማፈር ቀረ፤ ወረቀት አክሰንት የለውም። እሱ ግን አሁን ሌላ ነገር አየ። የፊት መስታወቱ ላይ የለጠፍናትን ትንሽ ካሜራ እያሳየ «ከውጭ የመጣ ዕቃ ስላስገባችሁ ዋስትናው ወድቋል» አለን።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልን። ማግነሰን ሞስ የሚባል የፌዴራል የዋስትና ሕግ አለ፤ ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙበት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሌላ ኩባንያ የሠራው ዕቃ መኪናው ላይ ስለተገኘ ብቻ ዋስትና አይወድቅም፤ ብልሽቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት የከልካዩ ፈንታ ነው። የእኛ ካሜራ የሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክታ የምትሠራ ናት። ከበሩ ስፒከር ጋር አገር ለአገር እንኳ አይተዋወቁም። አልተጣላንም። «መልካም፣ ይህንኑ ምክንያት ጻፍና ፈርምልን» አልነው። አለቃውን ላማክር ብሎ ሄደ፤ ሲመለስ የካሜራዋ ነገር አልተነሣም። ለአራተኛ ጊዜ እንድንመጣና ከዋናው ሜካኒክ ጋር እየነዳን እንድንሰማ ቀጠረን።

በአራተኛው ቀን ዋናው ሜካኒክ፣ ሸምገል ያለ ሰው፣ ገና የመጀመሪያውን መብራት ሳናልፍ «ሰማሁት» አለን። የበሩ ገበር ሲፈታ፣ ከጀርባው ውኃ እንዳያልፍ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ሙጫው ለቆ ተንጠልጥሏል። በዝናብ ጊዜ በመስኮቱ ሥር የሚወርደው ውኃ የስፒከሩን ወረቀት በልቶታል። ምትክ ዕቃው ታዘዘ። ወዳጃችን «ፕላስቲኩንም ይለጥፉት፣ አለዚያ አዲሱም ይበሰብሳል» ብሎን ስለነበር ያንንም አስጻፍን።

ዕቃው እስኪመጣ ግን እኛም ሥራ መሄድ አለብን። ዲለሩ ሲደውልልን ቆጣሪው 36,212 ደርሷል። ወጣቱ ቁጥሩን አየና «ዋስትናው እኮ አልፏል» አለ። ያን ጊዜ ከቦርሳችን ያቺን የመጀመሪያዋን ወረቀት አወጣን። የሰደበችን ወረቀት፣ «ሬዲዮው ጥሩ አይሰማም» የምትለዋን። ቃሏ ጎደሎ ቢሆንም ቀኑና 34,600 ማይሉ ተጽፎባታል። በዋስትናው ዘመን አመልክተን በትክክል ያልተጠገነ ብልሽት፣ ዋስትናው ቢያልፍም ሰጪው ማስተካከል እንዳለበት የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ለሸማቾች በሚሰጠው ማብራሪያ አስፍሮታል። አለቃው መጥቶ ወረቀቷን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ገባ። አንድ ሳንቲም ሳንከፍል ስፒከሩ ተለወጠ፤ ፕላስቲኩም ተለጠፈ።

በነገራችን ላይ አምራቾች ስለተደጋገመ ብልሽት ለዲለሮች የሚልኩት ቴክኒካዊ መግለጫ በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ በመኪና ዓይነትና ዓመት ተለይቶ ይገኛል። ከመሄድ በፊት ማየት ይጠቅማል። እኛ ያየነው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። «ሎሚ ሎው» የሚሉትን ሕግ ጠቅሰን መኪናዋን እናስመልስ ለሚሉም፣ በቨርጂኒያ ያ መብት የሚሠራው መኪናው ከተረከቡበት ቀን አንሥቶ ለ18 ወራት ነው፤ ያውም ለከባድ ብልሽት እንጂ ለአንድ ስፒከር አይደለም።

የዚያን ዕለት ማታ ወዳጃችን ደወለ። «ጋሼ፣ በገናውስ?» አለን። ከፍተን አሰማነው። ይነዝራል፤ ከአራቱም በር።