ኮሽም «መካን» ሲባል

አንዲት አንባቢያችን ከባለቤታቸው ጋር የተኳረፉት በኮሽም የተነሳ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ! ግቢው ከአያት የወረደ፣ ቤቱም በምኒልክ ዘመን የተሠራ ባለ እንጨት ሰገነት ነው። ከጓሮው ጥግ አንድ ያረጀ ኮሽም ቆሟል። ባል «ይሄ መካን ነው፤ ሲያፈራ ያየ የለም። ይነቀልና ጽድ እንትከልበት» አሉ። ወይዘሮዋ ልጅ አልወለዱም። «መካን» የምትለዋ ቃል ለማን እንደተወረወረች ገብቷቸዋል።

እስቲ በኮሽሙ እንጀምር። ኮሽም እንደ ፓፓያ ወንዴውና ሴቴዋ ለየብቻ ናቸው። ወንዴው ዕድሜ ልኩን ቢያብብ ፍሬ አይሰጥም፤ ሴቴዋም በአቅራቢያዋ ወንዴ ከሌለ ባዶዋን ትቀራለች። እንግዲህ የኚህ ሰውዬ ኮሽም ወይ ወንዴ ነው፣ ወይ ብቻዋን የቀረች ሴቴ። ሲያብብ ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ እሾሁን ብቻ ተጠንቀቁ። ብዙ ክር አውጥቶ በመንጋ ካበበ ወንዴ ነው። አበባዋ ነጠላ ሆኖ መሀሉ ላይ ያበጠ ነገር ካለ ሴቴ ናት።

ለትዳሩም ምክሬ ያው ነው፤ ሳይመረመር አይፈረድም። ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፣ አባወራውም ጭምር!

ወደ ግቢው ስንመለስ፣ ኮሽም የደጋና የወይና ደጋ ተወላጅ ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባን ሳያለብሳት በፊት እዚሁ ነበር። ታዲያ አሮጌ ግቢ ያለ እሱ ምኑን አሮጌ ሆነ? ለአጥር በብዛት የሚተከለው ባለ ትልልቅ ፍሬው ግን የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ስለሆነ እንዳትደናገሩ። የኛው ፍሬ አነስ ያለ፣ ሲበስል ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ነው።

መትከል የፈለገ የበሰለውን ፍሬ ጨፍልቆ ዘሩን ይጠብ፣ ጥላ ላይ ያድርቅ፣ ብዙ ሳያቆይ ይዝራ። ችግኙ እስኪያብብ ጾታው አይታወቅም፤ ያም ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ አምስት ስድስት ትከሉ። አንድ ወንዴ ለብዙ ሴቴ ይበቃል (ወንዶች፣ የምናወራው ስለ ኮሽም ነው!)። ከቤቱ ግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ የድሮ የጭቃ ቤት ሥሩ ውኃ ሲጠጣ አይወድም። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ ቁፋሮ ሳትጀምሩ የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቁ።

ፍሬውን ጥሬውን የሚበላ ደፋር ነው፣ ሲኮመጥጥ ለጉድ ነው! በስኳር ተቀቅሎ ማርማላታ ሲሆን ግን ከትኩስ ዳቦ ጋር ጣት ያስቆረጥማል።