የጥርጥር ደዌ

አንድ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ በዐይነ ኅሊናችን እንሣል። ይህ ሰው ጠዋት ሱቁን ከፍቶ የመጀመሪያውን ጣቃ ከመዘርጋቱ በፊት ከመሳቢያው ውስጥ አንድ ፖስታ ያወጣል፤ በፖስታውም ውስጥ ከአራት ልዩ ልዩ የጤና ተቋማት የተሰጡት፣ ከመታጠፍ ብዛት ወገባቸው የሳሳ አራት የደም ምርመራ ወረቀቶች አሉ፤ አራቱም ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ውስጥ እንደሌለ ይመሰክራሉ። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረገው ከዓመት በፊት ፀጉር አስተካካዩ አንገቱን በምላጭ ጫር ስላደረገበት ነው፤ ሁለተኛውን «የመስኮት ጊዜው ሳያልፍ ተመርምሬ ቢሆንስ» ብሎ፤ ሦስተኛውን «ብልቃጡ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጦ ቢሆንስ» ብሎ፤ ለአራተኛው ግን ምክንያት እንኳ አላስፈለገውም። ወረቀቶቹን አንብቦ መልሶ ሲያጥፋቸው ልቡ ያርፋል፤ ዕረፍቱ ግን እስከ ምሳ አያደርስም። ማታም ሚስቱን «እስኪ እዪኝ፣ ከስቻለሁ እንዴ?» ይላታል፤ እርስዋም ለስንተኛ ጊዜ እንደ ሆነ መቍጠሩን ትታ «ኧረ ምንም አልሆንክ» ትለዋለች፤ የእርስዋም ቃል እንደ ወረቀቱ ቢያድር እንጂ አይሰነብትም።

ይህ ሰው ዕብድ አይደለም፤ አስመሳይም አይደለም፤ ዕውቀትም አልጐደለውም፤ ቫይረሱ በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ለልጆቹ ያስረዳ እርሱ ራሱ ነው። የያዘው ደዌ የአእምሮ ሐኪሞች ከእንግሊዝኛ ስሙ አሳጥረው «ኦሲዲ» የሚሉት ሲሆን፣ በቋንቋችን የጥርጥር አባዜ ብንለው ከባሕርዩ አንርቅም። ደዌው ሁለት ክንፍ አለው፤ አንደኛው ባለቤቱ ሳይጠራት የምትመጣ፣ ቢያባርራት የማትሄድ፣ ከንቱ መሆንዋን እያወቀ እንኳ የምታስጨንቀው ሐሳብ ናት፤ ሁለተኛው ያን ጭንቀት ለማስታገሥ በግድ የሚደጋገም ሥራ ነው፤ ይኸውም መታጠብ፣ መመርመር፣ መጠየቅ፣ ወይም ማንም ሳያየው በልብ ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ስሌትና ጸሎት ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በሕይወት ዘመናቸው በዚህ ደዌ የሚያዙትን ሰዎች ከመቶ ሁለት ያህል ያደርጓቸዋል፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው በጕርምስና ወይም በወጣትነት ነው። ፍርሃቱ በሽታን የሚመለከት በሚሆንበት ጊዜም መልኩ አንድ ብቻ አይደለም፤ አንዱ በሽታው እንዳይዘው ይፈራል፤ ሌላይቱ እናት እርስዋ ብትሞት ግድ ሳይኖራት ለሕፃንዋ እንዳታስተላልፍ ትፈራለች፤ ሦስተኛው አንገቱ ሥር ያለችውን ንፍፊት ሲነካካ ውሎ፣ በመነካካቱ ብዛት ስታብጥበት ይህንኑ ማስረጃ አድርጎ ይይዘዋል።

አውሮፓውያን በሽታን የመፍራትን ጠባይ «ሂፖኮንድርያ» ሲሉ ኖረዋል፤ ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሆኖ ከጎድን አጥንት በታች ያለውን የሆድ ክፍል ያመለክታል፤ የጥንት ሐኪሞች ኀዘንና ፍርሃት ከዚያ ከሚነሣ ጥቁር ሐሞት ይመጣሉ ብለው ያምኑ ነበርና። ፈረንሳዊው ሞልየር በ1673 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሳይታመም ታመምሁ በሚል ሰው ላይ የሚያሾፍ ተውኔት ጽፎ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ራሱ ይጫወት ነበር፤ እርሱ ግን በእውነት የሳንባ ሕመምተኛ ኖሮ በአራተኛው ትርኢት መድረክ ላይ ሕመሙ ተነሥቶበት በዚያው ሌሊት ዐረፈ። በእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ላይ ለመሳቅ የሚቸኩል ሁሉ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ደዌውን ከሐኪሞች አስቀድመው በቅርብ ያዩት ግን መነኮሳት ናቸው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በሰባተኛው መቶ ዓመት የደብረ ሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ስለ መንፈሳዊ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ በመሰላል ስም የሚጠራ ነው፤ በግእዝ «ሰዋስው» መሰላል ማለት መሆኑን፣ ዛሬ የቋንቋ ሥርዓት መጠሪያ ብቻ ያደረግነው ሰዎች ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የስድብ ሐሳብ ያሠቃየው አንድ መነኵሴ ይተረካል፤ በጾምና በትጋት ሰውነቱን ቢያደክምም ሐሳቡ አልለቀው ስላለ፣ በአንደበቱ ሊናገረው አፍሮ በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠ። አረጋዊውም አንብቦ ፈገግ አለ፤ የመነኵሴውንም እጅ በገዛ አንገቱ ላይ አስደርጎ ያለፈውና የሚመጣው ኀጢአት ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲሆን ተቀበለለት፤ ከእንግዲህ ግን ያችን ሐሳብ ከቁም ነገር እንዳይቈጥራት አዘዘው። አረጋዊው ሐሳቡ ውሸት መሆኑን ለማስረዳት አልተከራከረም፤ ተጨማሪ ጾምም አልጨመረበትም። ሐሳቡ ቢመጣም ምላሽ የሚያገኝበትን በር ዘጋበት። በእስላሙም ዓለም እስከ 934 ዓ.ም. የኖረው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ደዌ ከኀዘን፣ ከቍጣና ከፍርሃት ለይቶ ለብቻው መርምሮታል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ውዱእ ሲደጋግም ሶላቱ የሚያልፍበትን ሰው «ውስዋስ ይዞታል» የሚሉት በዚያው በጥንቱ ቃል ነው።

የዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሐኪሞች ስምና ሥርዓት ሰጡት፤ ፈረንሳዊው ኤስኪሮል በ1838፣ በኋላም ለግራን ዱ ሶል በ1875 ጽፈውበታል፤ የኋለኛው «የጥርጥር ዕብደት» የሚለውን ስም ዕቃ ለመንካት ከመፍራት ጋር አያይዞ የመጽሐፉ አርእስት አድርጎታል። ፍሮይድ በ1909 የአንድ ሕመምተኛን ታሪክ በሰፊው ተንትኖ አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል የደዌውን ሥር በልጅነት ዘመን ውስጥ ሲቈፍሩ የኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ ቍፋሮው ለሥነ ጽሑፍ ብዙ ጠቅሟል፤ ለሕመምተኞች ግን እምብዛም።

ነገሩ የተለወጠው በ1966 ነው። ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ በለንደኑ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሁለት ሕመምተኞችን ተቀብሎ፣ የሚፈሩትን ነገር እንዲነኩና እንዲቀርቡ፣ ከነኩም በኋላ የተለመደውን ሥርዓታቸውን እንዳይፈጽሙ በአስታማሚዎች ጥበቃ አደረገ። ፍርሃታቸው እንደ ደራሽ ውሃ ሞላ፤ እንደ ደራሽ ውሃም ማንም ሳይገድበው ጐደለ። በ1974 ማየርና ባልደረቦቹ የ15 ሰዎችን ውጤት ሲያወጡ ዐሥሩ እጅግ ተሽሏቸው ነበር፤ እስከዚያ ዘመን የማይድን ተብሎ ለተተወ ደዌ ይህ ትንሽ ቍጥር አይደለም። በ1978 ደግሞ ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጤነኞቹን ሰዎች ስለሚመጣባቸው ሐሳብ ጠይቀው፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል ሕመምተኞች የሚያማርሩባትን የመሰለች ሐሳብ አልፎ አልፎ እንደምትመጣባቸው አገኙ። እንግዲህ ሐሳቧ የሰው ሁሉ ናት፤ ሕመምተኛውን የሚለየው ለሐሳቧ የሚሰጣት ሹመት ነው። የሥነ ልቡና ሊቁ ሳልኮቭስኪስ በ1985 ይህን አስፋፍቶ፣ ሕመምተኛው ክፉን ነገር ማሰቡን እንደ ማድረግ፣ አለመከላከሉንም እንደ መፈጸም ቈጥሮ ከመጠን ያለፈ ኀላፊነት በራሱ ላይ እንደሚጭን አስረዳ። ኀጢአትን በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ለይቶ መቍጠርን ከሕፃንነቱ ለተማረ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ለዚህ ሕመምተኛ በኀልዮና በገቢር መካከል ያለው አጥር ፈርሶበታል።

ወደ ነጋዴያችን እንመለስ። የዛሬው ሐኪም አምስተኛ የደም ምርመራ አያዝለትም፤ ከእርሱ ጋር ተቀምጦ መሰላል ይሠራል እንጂ። በታችኛው ርከን ላይ ፖስታውን እስከ ቀትር ሳይከፍት መቈየት ይኖራል፤ በሁለተኛው ፖስታውን ለሚስቱ አስረክቦ መዋል፤ በሦስተኛው «ምናልባት ይዞኝ ይሆናል፤ ላይዘኝም ይችላል» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ ጮክ ብሎ እያነበበ ምንም ምላሽ አለመስጠት፤ ከፍ ሲልም ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ተመልሶ መቀመጥ። በየርከኑ ጭንቀቱን ከዜሮ እስከ መቶ እየሰጠ ይመዝነዋል፤ ካልሸሸና ካልጠየቀም ጭንቀቱ በራሱ ጊዜ ሲወርድ በዐይኑ ያያል። ከሁሉ የሚከብደው ሥራ የሚስቱ ነው ቢባል ይቻላል፤ «ኧረ ምንም አልሆንክ» የምትለው ቃል የርኅራኄ ቃል ብትሆንም የደዌው ቀለብ እርስዋው ናትና፣ በርኅራኄም ሳለች «ይህን የሚጠይቀኝ ሕመሙ ነው፤ ለሕመሙ አልመልስም፤ ና ቡና እንጠጣ» ማለትን መልመድ አለባት። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከዐሥራ ሁለት እስከ ሃያ በሚደርሱ ቀጠሮዎች ይካሄዳል። ይሁን እንጂ ገና ምንም ምርመራ ላላደረገ ሰው ተገቢውን ምርመራ አንድ ጊዜ፣ በጊዜው፣ ማድረግ ብልኅነት መሆኑን መናገር ግድ ነው፤ ደዌው የሚጀምረው ከውጤቱ በኋላ ነው።

መድኀኒትም አለው። ክሎሚፕራሚን ለዚህ ደዌ እንደሚረዳ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ታይቶ በ1989 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኀኒቶች ዝርዝርም ለዚሁ ደዌ ይጠቅሰዋል። ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት የጐንዮሽ ጕዳታቸው ቀለል ያለ ነው። ለድባቴ ከሚሰጠው ከፍ ባለ መጠን የሚታዘዙ ሲሆን፣ ፍሬያቸውም ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ካልተጠበቀ አይታይም፤ ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው የሚጥሉት ይህን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው። ሐኪሞች በሽታን መፍራት ከኦሲዲ ጋር ይመደብ ወይስ ለብቻው ይቁም በሚለው ገና አልተስማሙም፤ በ2013 የወጣው የአሜሪካውያን መድበል ለይቶ ሲያቆመው፣ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መድበል ግን ከኦሲዲ ዘመዶች ጋር አስቀምጦታል። ሕክምናው ተቀራራቢ ስለ ሆነ ክርክሩን ለባለ ክርክሮቹ ብንተወው ሕመምተኛው የሚጐዳ አይመስለኝም።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለብዙ ዘመን በአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ኖረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ንስሓ አባቱና ወደ ጠበል ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም፤ የሚያስነቅፍም አይደለም። ጥንቃቄ የሚያሻው ደዌው ሥርዓቱን ራሱን ሲለብሰው ነው፤ ጠበሉ በቀን ዐሥር ጊዜ የሚደገም ማጽጃ፣ ኑዛዜውም የተናዘዙትን መልሶ መናዘዝ በሚሆንበት ጊዜ። «አንድ ጊዜ ተናዘሃል፤ ይበቃል፤ ደግመህ ይዘኸው አትምጣ» የሚል አስተዋይ ንስሓ አባት፣ ሳያውቀው ዮሐንስ የተረከልንን አረጋዊ ሥራ ይሠራል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ «ደኅና ነኝ አይደል?» እያለ በቀን ዐሥር ጊዜ የሚጠይቅህ ሰው ካለ አትሣቅበት፤ አትቈጣውም፤ ዐሥራ አንደኛውንም ምላሽ አትስጠው። አብረኸው ወደ አንድ የአእምሮ ሐኪም ሂድ፤ ፖስታውንም ከቤት ትታችሁት ሂዱ።