«ኔትወርክ የለም»፦ የኩርሙክ ቤት ኢንተርኔት የቱ ላይ ይቆረጣል?

«ኔትወርክ የለም» የሚለው አባባል በአዲስ አበባም ሆነ በጠረፍ ወረዳዎች «መብራት ሄደ» ከሚለው ያላነሰ የዘወትር ንግግር ሆኗል፤ በባንክ መስኮት፣ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል፣ በየመኖሪያ ቤቱም ይሰማል፣ ሰሚውም ሌላ ጥያቄ ሳያነሳ ይመለሳል። «መብራት ሄደ» ሲባል የሆነው ነገር አንድ ሲሆን፣ «ኔትወርክ የለም» ሲባል ግን ቢያንስ አምስት የማይገናኙ ብልሽቶች በአንድ ስም ይጠራሉ። ለደንበኞች አገልግሎት የሚደውል ሰው ይህንኑ ቃል ብቻ ይዞ ሲቀርብ «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» ከሚለው የተሻለ ምላሽ የማያገኘው፣ የመላሹ ግድየለሽነት እንዳለ ሆኖ፣ አቤቱታው ራሱ የሚጨበጥ መልክ ስለሌለው ጭምር ነው፤ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም እንደሚል በሽተኛ ማለት ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሱዳን ወሰን ላይ የምትገኘው ኩርሙክ ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከብዙ ከተሞች ይልቅ የምትመች ናት፤ የኢንተርኔት መንገድ በረዘመ ቁጥር የሚበጠስበት ቦታ ስለሚበዛ፣ የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ እንኳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅና ኩርሙክ ደግሞ ከዚያም ዘልቃ ቆላው ጠረፍ ላይ ስለተቀመጠች ነው። በእንዲህ ያሉ ከተሞች «የቤት ኢንተርኔት» ሲባል በአብዛኛው በገመድ የገባ መስመር ማለት ሳይሆን፣ ሲም ካርድ የገባበት ራውተር ወይም ሆትስፖት ተከፍቶለት ለቤተሰቡ ሁሉ የሚያካፍል አንድ ስልክ ማለት ነው። ራውተር የሚባለው ከውጭ የመጣውን ኢንተርኔት ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በዋይፋይ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። መረጃው ከዚህ መሣሪያ ተነስቶ በአየር ወደ ሞባይል ማማ (በተለምዶ ታወር ወደሚባለው)፣ ከታወሩ በማይክሮዌቭ ወይም በፋይበር ወደ ትልልቅ ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ ምርመራውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ተከትሎ ከቤት ወደ ውጭ መሄድ ይኖርበታል።

ቤቱ ራሱ በሚገባው ልክ ተጠርጥሮ አያውቅም። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ የታወቀ ሲሆን፣ የቀርከሃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያለው ባህላዊ ቤት የሬዲዮ ሞገድን ያን ያህል አይከለክልም፤ የቆርቆሮ ጣሪያና የቆርቆሮ ግድግዳ ግን ብረት ስለሆነ ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሰዋል፣ በዚህም ምክንያት የተሻለ ቤት የሠራ ሰው የባሰ ኢንተርኔት ሊደርሰው ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ የስልኩን የምልክት መስመሮች ብዛት ማየት አይበቃም፤ በብዙ ስልኮች ላይ በቅንብር ውስጥ «ስለ ስልኩ» በሚለው ሥር፣ ሲም ካርዱን በሚመለከተው ክፍል፣ የምልክት ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ይገኛል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ የጠነከረ ነው፤ በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ከዜሮ በታች 85 ጥሩ፣ ከዜሮ በታች 110 ደግሞ ለመቆረጥ የደረሰ ነው። አንድ ሰው በሳሎኑ መካከል 112፣ በደጃፉ ላይ 92 ካነበበ ጥፋቱ ከጣሪያው በመሆኑ፣ ራውተሩን ታወሩ ወዳለበት አቅጣጫ ወደሚያይ መስኮት ማዛወር ከብዙ የስልክ ጥሪ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የቆላው ሙቀትም ሊታሰብ ይገባል፤ በቆርቆሮ ሥር፣ በፀሐይ ፊት ወይም በጨርቅ ተሸፍኖ የሚውል ራውተር ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ራሱን ያጠፋል፣ ባለቤቱም «ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ አይሠራም» ይላል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የጠረፍ ከተሞች ብቻ የሚያውቁት ነው። ከወሰኑ ማዶ፣ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት፣ በዚሁ በኩርሙክ ስም የምትጠራ ሌላ ከተማ አለች፤ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ፓስፖርት አይጠየቅም። የዚህኛው ወገን ምልክት ደክሞ ከማዶ ያለው በጠነከረ ጊዜ ስልኩ ሳያስታውቅ ወደዚያ ሊሻገር ይችላል፣ ያን ጊዜም ዳታው ይቆማል፣ አልያም የውጭ አገር ሂሳብ መቁጠር ይጀምራል። መሻገሩ በሁለት ምልክቶች ይታወቃል። አንደኛው የአገር መለያ ቁጥር ሲሆን፣ ስልኩ ኔትወርኮችን ሲፈልግ አንዳንድ ጊዜ በስም ፈንታ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ በ636 የሚጀምረው የኢትዮጵያ፣ በ634 የሚጀምረው የሱዳን ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ቀላል ነው፤ ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስላደረገች፣ ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚወስድ ስልክ በድንገት አንድ ሰዓት ወደኋላ ከቀረ፣ ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ ስልኩ ወሰን ተሻግሯል ማለት ነው። መፍትሔውም ኔትወርክን በራስ ሰር ከመምረጥ ወደ በእጅ መምረጥ መቀየርና የውጭ አገር ዳታን መዝጋት ነው፤ ይህን ምክር በሩቅ ከተማ የተቀመጠ የስልክ አስተናጋጅ ከራሱ አፍልቆ እንዲሰጥ መጠበቅ ግን ይከብዳል።

ሦስተኛው ታወሩ ሲሆን፣ ታወር የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ሲቋረጥ በባትሪ ይቆያል፣ ባትሪው ሲያልቅ ጀነሬተር ከሌለ ወይም ነዳጅ ካልቀረበለት ይጠፋል። ስለዚህ መብራት የሄደበትንና ምልክት የጠፋበትን ሰዓት ለየብቻ የመዘገበ ሰው ትልቅ ነገር ያውቃል፦ ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ከጠፉ የቆመው የራሱ ራውተር ነው፤ በመካከላቸው የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ልዩነት እየተደጋገመ ከታየ ግን ያለቀው የታወሩ ባትሪ ነው፣ ይህም አቅራቢው ብቻ የሚጠግነው ብልሽት ነው። (በጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ መሆኑን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን አንቀጽ ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።)

ምልክቱ ጥሩ ሆኖ ፍጥነቱ ብቻ ሲወርድ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መጨናነቅ ነው፤ የአንድ ታወር አቅም በአካባቢው ላሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ ስለሚካፈል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የፈጠነ መስመር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከተንቀራፈፈ ከመሣሪያው ጋር መጣላት ትርፍ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያሳስተው የመለኪያ ልዩነት አለ፦ ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት ነው፣ 8 ቢትም 1 ባይት ስለሚሆን 4 ሜጋቢት የሆነ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። የአገር ውስጥ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ቴሌብር፣ እየሠራ የውጭ አገር ቪዲዮ ብቻ ሲቆም ደግሞ ጉዳዩ ከኩርሙክም ከአሶሳም ሊያልፍ ይችላል፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከዓለም ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ሲሆን፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር የተዘረጉ ገመዶች በተጎዱ ጊዜ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚሄደው መረጃ እንደታወከ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ ልየታ ካልተመዘገበ ግን በስልክ ላይ ዋጋ አይኖረውም። በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከጀመረበት ከ1989 ዓ.ም. አንሥቶ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ አቅራቢው አንድ ብቻ ስለነበረ ደንበኛው «ትቼ እሄዳለሁ» የሚልበት ሌላ ቦታ አልነበረውም፤ የአቤቱታ አቀባበሉም የደንበኛውም አቤቱታ አቀራረብ በዚያ ልማድ የተቀረጹ ናቸው። አሁን ግን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኞችን መብት የሚመለከት መመሪያ ስላወጣ፣ በአቅራቢው መፍትሔ ያጣ ደንበኛ ጉዳዩን ወደዚያ ለመውሰድ ይችላል፤ ለዚህም ወደ አቅራቢው መደወሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልገዋል። በኢትዮ ቴሌኮም ወደ 994 የሚደውል ሰው ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የዲቢኤሙን ቁጥር፣ መብራት መኖር አለመኖሩንና የተለካውን ፍጥነት በደብተር ጽፎ መያዝ፣ ከውይይቱም መጨረሻ የአቤቱታውን መዝገብ ቁጥር ሳይቀበል ስልኩን አለመዝጋት ይኖርበታል። ይህ በተለይ አፉን በበርታኛ ወይም በዓረብኛ ፈትቶ ብልሽትን በአማርኛ ማስረዳት ለሚከብደው የኩርሙክ ነዋሪ ይጠቅማል፤ ከዜሮ በታች 112 በየትኛውም ቋንቋ 112 ነው።

አንድ ደብተር ብቻውን ሊጠረጠር ይችላል፣ ምክንያቱም የአንድ ቤት ብልሽት የቤቱ ሊሆን ይችላልና። በአንድ ሰፈር ያሉ ሦስት ወይም አራት ጎረቤቶች ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ያንኑ መዝግበው በአንድ ቀን አቤቱታቸውን ቢያስገቡ፣ አስተናጋጁ አጥፍተው ያብሩት ብሎ ለመመለስ ይቸገራል፤ የሦስት ቤት ስልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ አብሮ አይታመምም።