የደንገል ታንኳን ነፋስ ወደ ጎን ሲወስድባችሁ

በፎገራ፣ በደራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች፣ በጣና ዳር ለሚኖረው ገበሬ ታንኳ እንደ በሬና እንደ ማረሻ የሥራ መሣሪያው ነው። እህል ይጭንበታል፤ እንጨት ያመላልስበታል፤ ዓሣ ያጠምድበታል። ሆኖም የማረሻው ወገል ሲላላ ወዲያው የሚያጠብቀው ገበሬ፣ የታንኳውን እስር እስኪፈታ ድረስ ሳያየው ይቀራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ከተነሣና ታንኳው አልታዘዝ ካለ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ በታንኳው ላይ ያለው እህል ብቻ አይደለም።

ታንኳ ለምን ወደ ጎን እንደሚሄድ ለመረዳት ማረሻን ማሰብ ይበቃል። ማረሻ አፈር ውስጥ እስከ ገባ ድረስ መሥመሩን ይይዛል። ከአፈር አውጥታችሁ በሣር ላይ ብትጎትቱት ግን ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ታንኳም ሆዱ ጠፍጣፋ ስለ ሆነና ውሃውን የሚነክስ ነገር ከሥሩ ስለሌለው፣ በውሃ ላይ እንዲሁ ይንሸራተታል።

በሸራ የሚሄዱ ትንንሽ ጀልባዎች ለዚህ መድኀኒት አላቸው። በወለላቸው መካከል በተሠራ ጠባብ ሣጥን ውስጥ የሚያልፍ ሳንቃ አለ፤ ጥልቅ ውሃ ላይ ሲደርሱ ያወርዱታል፣ ወደ ዳር ሲቃረቡ ይስቡታል። እንዲህ ያለ ጀልባ የሚያጋጥማችሁ የልማት ሠራተኞች ልታውቁት የሚገባው፣ ሳንቃው አልወርድ ወይም አልወጣ የሚለው ብዙ ጊዜ ጭቃና ጠጠር በሣጥኑ ውስጥ ሲታሸግ፣ ወይም እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ መሆኑን ነው። በመዶሻ መምታት አይገባም። ጀልባውን ወደ ዳር አውጥቶ በጎኑ ማጋደምና ከሥር በቀጭን እንጨት መጥረግ ይሻላል። ሳንቃው የሚንኳኳ፣ በሚዞርበት ብሎን ዙሪያም ውሃ የሚገባ ከሆነ ብሎኑ ተበልቷልና ይለወጥ።

በደንገል ታንኳ ላይ ግን ይህን ሳንቃ መግጠም አይቻልም። ወለሉን ብትበሱት ልጡ ይቆረጣል፤ ልጡ ሲቆረጥ እስሩ ይፈታል። በጎኑ ሳንቃ ማሰርም፣ ምንም እንኳ በሆላንድ አገር ጠፍጣፋ ጀልባዎች ላይ የቆየ ልማድ ቢሆን፣ ለደንገል አይስማማም። ውሃው ሳንቃውን በገፋው ቁጥር ሳንቃው እስሩን ይስበዋል። ስለዚህ የታንኳ ሳንቃው ጭነቱና መቅዘፊያው ነው ማለት ይቻላል።

ይኸውም እንዲህ ነው። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ሲሆን የታንኳው አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ነፋስም የተነሣውን አፍንጫ ይዞ ያዞረዋል። ነፋሱ ከፊት ወይም ከጎን ሲመጣ ከጭነቱ ጥቂቱን ወደ ፊት አምጡት። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ መልሱት፤ አለዚያ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይቀበርና ኋላው ወደ ጎን ይዞራል። ለምሳሌ ከጉማራ አፍ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ሰው፣ ከሐይቁ የሚነሣው የከሰዓት ነፋስ በቀኝ ጎኑ ይመታዋል። ይህ ሰው በግራ በኩል አዘውትሮ ይቅዘፍ፤ አፍንጫውንም ሊደርስበት ከሚፈልገው ቦታ ይልቅ ጥቂት ወደ ነፋሱ ያዙር። በቀጥታ ወደ ቦታው ያነጣጠረ ሰው በደንገልና በጭቃ መካከል ራሱን ያገኘዋል።

ነፋስ ሳይኖርም ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚዞር ታንኳ ሌላ በሽታ አለበት። ባዶውን በጸጥተኛ ውሃ ላይ አድርጋችሁ ከኋላ ተመልከቱት፤ ዝቅ ያለው ጎን ውሃ የጠጣው ነው። የደንገል ውስጡ ነጭና አየር የያዘ ስለ ሆነ ይንሳፈፋል፤ በተቆረጠው ጫፉና በተሰበረው ልጣጩ በኩል ግን ውሃ ይገባዋል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ታንኳውን በውሃ ላይ አስሮ ማሳደር ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ወደ የብስ አውጡት፤ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ የከበደውን ጎን ወደ ፀሐይ አዙሩት። መካከሉ እንደ ቀስት የሚጎብጥ ከሆነ እስሩ ላልቷል ማለት ነው። ደንገሉ ደርቆ ሳለ ከመካከል ጀምራችሁ ወደ ጫፎቹ እንደገና እሰሩት። በውሃ ሲያብጥ ራሱን ያጠብቃልና፣ እርጥቡን አጥብቆ ማሰር ድካም ብቻ ነው።

እስር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእኛው ከጣና ደንገል የታየ ነገር አለ። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. ከጣና በተወሰደ ደንገል፣ በቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለ ታንኳ አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ አሜሪካ ተነሣ። ኋላው ዝቅ እያለ፣ እስሩም እየተፈታ ስለ ሄደ ከመድረሱ በፊት ተወው። በ1962 ዓ.ም. ከዚያው ከጣና ደንገል ሁለተኛውን «ራ» በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች አሠራ፤ ይህኛው በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ደንገሉ አንድ ነው፤ አሠራሩና አስተሳሰሩ ግን ሌላ ነበር።

ደንገሉን ስታጭዱ የበሰለውን ብቻ ምረጡ፤ ሥሩን ሳትነቅሉ ከላይ ቁረጡት፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ዳሩ ታርሶና በአፈር ተሞልቶ ደንገል እየራቀ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያና በጉና ወገብ ላይ ያላችሁ ገበሬዎች እርከን ባልሠራችሁበት ማሳ ላይ የሚታጠበው አፈር፣ በርብና በጉማራ ወርዶ እዚያው ሐይቁ ዳር ይተኛል። በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ግድም የታየው እንቦጭም የቀረውን ያፍናል፤ በመቅዘፊያ ላይም ይጠመጠማል። ታንኳው በድንገት ከከበደባችሁ በመጀመሪያ ከሥሩ እንቦጭ መኖሩን እዩ።

ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ጭነት ያለው ሰው ማልዶ ይነሣ። ነፋሱ ከያዛችሁ ግን ቁማችሁ አትቅዘፉ፤ ተንበርከኩ። ውሃ በላያችሁ ቢመጣ ከባዱን ጭነት ጣሉ እንጂ ታንኳውን ጥላችሁ አትዋኙ። ደንገል ውሃ ቢጠጣም በአንድ ቀን አይሰጥም፤ ቢገለበጥም ይንሳፈፋልና ያዙት። ነፋሱ ወደ የብስ የሚነፍስ ከሆነ አትታገሉት፤ ያሳደረበት ዳር ላይ ታንኳውን ወደ ላይ ስባችሁ በእግራችሁ ወደ ቤት ሂዱ፤ በማግስቱ ጠዋት ትመለሱበታላችሁ።