ሃምሳው አኃዝ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2001 ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ ገበያ ላይ ሊውል ሦስት ወር ገደማ ቀርቶታል፤ የሙከራ ቅጂው ግን ቀድሞ በብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ማይክሮሶፍት በዚህ ዊንዶውስ ላይ አክቲቬሽን የሚባል ግዴታ አስገብቶ ነበር። ገዢው ላይሰንሱን በኢንተርኔት ወይም በስልክ ካላጸደቀ፣ የተሰጠው ቀን ሲያልቅ ኮምፒውተሩ አያስገባውም። ካጸደቀው ደግሞ ላይሰንሱ ከዚያው ኮምፒውተር አካላት ጋር ይታሰራል።

ኮምፒውተር ግን ባለበት አይቆይም። ራም ይጨመርለታል፤ ሃርድ ዲስኩ ይሞላና ይቀየራል፤ ግራፊክስ ካርዱ ያረጃል። ታዲያ ስንት ዕቃ ሲቀየር ነው ዊንዶውስ «ይሄ የማውቀው ኮምፒውተር አይደለም» የሚለው? ከዕቃዎቹስ ከባዱ የትኛው ነው? ዝርዝሩ በይፋ ስላልወጣ ቦታውን ወሬ ያዘው። ትንሽ ነገር የነካ ሰው ላይሰንሱን ያጣል ተባለ። ማይክሮሶፍት የየሰዉን ኮምፒውተር ዝርዝር እየሰበሰበ ነው የሚልም ስጋት ነበር። ሁለቱንም በማስረጃ የሚያጸና ወይም የሚያፈርስ ግን አልተገኘም።

በርሊን ውስጥ ፉሊ ላይሰንስድ የሚባል ድርጅት ነበር። ሥራው ራሱ የሶፍትዌር ላይሰንስ ጥበቃ ነበር። ባለሙያዎቹ ወሬውን ለባለ ወሬ ትተው ወደ ፕሮግራሙ ገቡ።

መግቢያው የተገኘው በስልኩ በኩል ነው። ኢንተርኔት የሌለውም ገዢ ላይሰንሱን ማጽደቅ ስላለበት፣ ዊንዶውስ 50 አኃዝ ያለው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያወጣ ነበር። ገዢው ደውሎ ቁጥሩን ያነብባል፣ ከወዲያ የሚነገረውን መልስ ይጽፋል፣ ነገሩ ያልቃል። ትልቁ ዕድል ይሄ ነበር። ሰው በአፉ አንብቦ የሚጨርሰው ቁጥር ረጅም ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ የሚናገረው ሁሉ እነዚያ 50 አኃዞች ውስጥ ተጨምቆ መግባት ነበረበት። የተፈራው ምሥጢር ማንም በሚያየው ቦታ ተቀምጦ ነበር፤ የሚያነበው ግን ጠፋ።

ቁጥሩ በዘጠኝ ምድብ የተደረደረ ነበር፦ ስምንቱ ስድስት ስድስት አኃዝ፣ የመጨረሻው ሁለት። የየምድቡ መጨረሻ አኃዝ ደዋዩ እንዳይሳሳት የተቀመጠ መቆጣጠሪያ እንጂ መረጃ አልነበረም። ዘጠኙ መቆጣጠሪያዎች ሲወጡ 41 አኃዝ ቀረ፤ ይህም ሲመነዘር 17 ባይት ሆነ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተዘጋ። ከ17ቱ ባይቶች 16ቱ ተመስጥረው ስለነበር ምንም ያህል ቢያገላብጧቸው ትርጉም አይሰጡም።

መውጫው አንድ ቀላል ሐቅ ውስጥ ነበር። ቁጥሩን የሚመሰጥረው ሩቅ ያለ ሰርቨር ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ራሱ ነው። እንግዲያው የምስጠራው ቁልፍም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ መኖር አለበት ማለት ነው። ባለሙያዎቹ የፕሮግራሙን መመሪያዎች እየተከተሉ ወደ ውስጥ ዘለቁ፤ ቁልፉም ተገኘ። ርዝመቱ አራት ባይት ብቻ ነበር።

ቁጥሩ ሲፈታ ሁለት ዋና ነገር ወጣ፦ የዊንዶውሱ የምርት መለያ እና የኮምፒውተሩ የሃርድዌር መለያ። ሰው ሁሉ የፈራው ይህን ሁለተኛውን ነበር። ርዝመቱ ግን ስምንት ባይት፣ ማለትም 64 ቢት ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ64 ዜሮና አንድ ስለ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ምን ያህል ማውራት ይቻላል?

ቢቶቹ ለየባለቤታቸው ሲከፋፈሉ አሥር አካላት ብቅ አሉ። የሃርድ ዲስኩ ቮልዩም ቁጥርና የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ አሥር አሥር ቢት ወስደዋል። ሲዲ ማንበቢያውና ሃርድ ዲስኩ ሰባት ሰባት፣ የፕሮሰሰሩ መለያ ቁጥር ስድስት፣ ግራፊክስ ካርዱ አምስት ደርሷቸዋል። ሁለቱ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች አምስትና አራት፣ የፕሮሰሰሩ ሞዴልና የራሙ መጠን ሦስት ሦስት ይዘዋል። የተቀሩት አራት ቢቶች ስለ ዕቃ መለያ የሚናገሩ አልነበሩም።

ነገሩን የገለበጠው የቢቶቹ ማነስ ነው። ዊንዶውስ የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ፈጭቶ ከውጤቱ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይይዝ ነበር። ለግራፊክስ ካርድ የተመደበው አምስት ቢት ነው፤ ዜሮው «ዕቃው የለም» ለማለት ሲያዝ የሚተርፈው 31 ቁጥር ነው። በዓለም ላይ ያለው ግራፊክስ ካርድ ሁሉ እነዚያን 31 ቁጥሮች ይጋራል። ከቁጥሩ ተነስቶ የማን ካርድ እንደሆነ ማወቅ የማይታሰብ ነው። እንዲያውም አዲስ ካርድ ከሚሰኩት መካከል ከ31 አንዱ ያህሉ የአሮጌውን ቁጥር መልሶ ስለሚያገኝ፣ ዊንዶውስ መቀየሩን እንኳ አያውቅም።

ድርጅቱ ግኝቱን በዚያው ጁላይ አሳተመ። የተጠቃሚው የግል ምሥጢር አልተነካም የሚል ድምዳሜም ሰጠ። ቁልፉን በእጁ ይዞ፣ ማይክሮሶፍትን በሚያዋርድ ርዕስ መጮህ ሲችል፣ ያየውን እንዳየው መናገሩ ክብር የሚገባው ነው። አንደኛው ወሬ በዚህ አበቃ። ስንት ዕቃ መቀየር ይቻላል የሚለው ግን ገና ነበር።

የዚህኛው መልስ የተሟላው ማይክሮሶፍት ራሱ ባወጣው የቴክኒክ ማብራሪያ ነው። አሥሩ አካላት እንደ አሥር ምስክሮች ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ ያው የድሮው ነው ብለው ይመሰክራሉ። የሁሉም ቃል ግን እኩል አይመዝንም፤ ከባዱ የኔትወርክ ካርዱ ነው። እሱ ካልተቀየረ ከሌሎቹ እስከ አምስት ድረስ መቀየር ይቻላል፤ ዳግም ማጽደቅ የሚጠየቀው ስድስተኛው ሲቀየር ነው። ካርዱ ከተቀየረ ወይም ከመጀመሪያውም ከሌለ ግን አራት ለውጥ ይበቃል፤ የካርዱ መቀየርም ከአራቱ ይቆጠራል። ራም ጨምሮ ሃርድ ዲስክ የቀየረ ሰው፣ ኔትወርክ ካርዱን እስካልነካ፣ ሲፈራ የኖረው በከንቱ ነበር። በየጊዜው ከዶኪንግ ማስቀመጫ ጋር የሚያያዙ ላፕቶፖች ደግሞ ከዚህም ሰፋ ያለ ትዕግሥት ተደርጎላቸዋል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ሌላም ነገር ደረሱበት። የጸደቀው ላይሰንስ የሚመዘገበው በዊንዶውሱ የሲስተም ፎልደር ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ነው። ዲስኩን ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት ፋይሏን ገልብጠው ያስቀምጣሉ፤ ዊንዶውሱን በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንደገና ጭነው ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። በፎርማት የቮልዩም ቁጥሩ ይቀየራል፤ ግን እሱ ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው፤ ላይሰንሱ ጸንቶ ይነሳል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ እንቆቅልሹ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። ከዊንዶውስ 7 ወይም 8.1 በነጻ ያሻሻለ ሰው አዲስ ቁልፍ አልተሰጠውም፤ መብቱ በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ከኮምፒውተሩ የሃርድዌር ፊርማ ጋር ተመዘገበ። ራምና ሃርድ ዲስክ መቀየር አላስቸገረም። ማዘርቦርድ የተቃጠለበት ሰው ግን አዲስ ቦርድ ገጥሞ ሲያስነሳ ዊንዶውሱ አልጸደቀም የሚል መልእክት ጠበቀው። ቁልፉን አስገባ ቢባልስ የትኛውን? በእጁ የያዘው አዲስ ቁልፍ የለም።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 2016 በወጣው ማሻሻያ መላ ተገኘ። ላይሰንሱን ከዕቃው በተጨማሪ ከባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ተቻለ። ቦርድ የቀየረ ሰው ወደ አክቲቬሽን ገጹ ገብቶ የችግር መፍቻውን ያስነሳል፣ በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ የሚለውን ይመርጣል፣ በአካውንቱ ይገባል፤ በስሙ ከተመዘገቡት ኮምፒውተሮች መካከል የራሱን ሲያመለክት ላይሰንሱ ወደ አዲሱ ቦርድ ይሻገራል።

ማያያዙ ግን አስቀድሞ፣ አሮጌው ቦርድ እየሠራ ሳለ መደረግ ነበረበት። ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮ የተሸጠ ላይሰንስ ደግሞ ውሉ ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ጋር ስለሚያስረው ወደ ሌላ ማሽን የመሻገር መብት አልነበረውም። ዊንዶውስን ለብቻው ከሱቅ የገዛ ሰው ግን ቁልፉን ይዞ ወደ አዲሱ ማሽን መዛወር ይችል ነበር።